የአቶ ናራያን አሜን

መስከረም 12፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቁርጡን ተናገረ። "ልጁ ጨዋ ነው፤ አልጠላሁትም። አባቱ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ከሆነ ግን እኔ በአባት ቦታ አልቀመጥም፤ አልመርቅምም። ሌላ ሰው ፈልጉ።" ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ትራሙ ፌርማታ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ነገሩን በግልጽ ላስቀምጠው፤ የጋዜጣ ቤት ልማዴ ነው። ልጄ ፀሎት ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ቪናይ የሚባል ህንዳዊ መሐንዲስ ልታገባ ነው። የሽታንደስአምት ቴርሚናቸው፣ ማለትም መንግሥት ፊት የሚፈራረሙበት ቀን፣ ኅዳር 13 ዓርብ ነው። ድግሱ በማግሥቱ ቅዳሜ ይሆናል፤ እሑድ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ወደ ኋላ የሚገፋበት ቀን የለም። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ኃይለ መስቀልን ነው። አባቷ ሞቶ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስንመጣ ፀሎት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት የመዘገባት፣ ብስክሌት ያስተማራት፣ የወላጅ ስብሰባ የገባላት እሱ ነው።

ፀሎት ደግሞ "ጋሽ ኃይሌ ካልመረቀን ድግስ የሚባል ነገር የለም። ፈርመን እንሄዳለን" ብላለች። የምትሄደው ሃምቡርግ ነው፤ ቪናይ ከጥር ጀምሮ እዚያ ሥራ አግኝቷል። ፈርመው በዚህ ሁኔታ ከሄዱ ልጄና ወንድሜ ዳግም በአንድ ማዕድ አይቀመጡም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ስለዚህ የሚጣራው አንድ ነገር ነው፤ የቪናይ አባት በአምላክ ያምናሉ ወይስ አያምኑም? ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣ ቤት ስሠራ ከዚህ የከበደ ብዙ አጣርቻለሁ።

ጋሼ ትራሙ ላይ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ "ሃምቡርግ በባቡር ምን ያህል ያስኬዳል?" አለኝ። ግማሽ ቀን አይሞላም አልኩት። በሩ ተዘጋ።


መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ቪናይን ላይፕዚገር ሽትራሰ በሚባለው መንገድ ካለች ካፌ አገኘሁት። በጀርመንኛ ነው የምናወራው፤ እኔን ግን "አንቲ" ይለኛል፤ በአገሩ ለእናት እኩዮች የሚባል ነው።

"አባትህ በአምላክ ያምናሉ?"

"አንቲ፣ አባቴ በየቀኑ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ ይታጠባል። ውሃ በመዳፉ ይዞ የሚባለውን ይላል። ጉንፋን ቢይዘውም፣ መንገድ ላይ ቢሆንም አይቀርም።"

"እንግዲያው ያምናሉ።"

"ዓለምን የፈጠረ አምላክ የለም ነው የሚለው።"

አስደገምኩት። ያንኑ ደገመልኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም መደናገር የለም። ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ ሚማንሳ የሚባል የፍልስፍና ትምህርት ቤት ተከታይ ነው። አባትየው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ስማቸው ናራያን ነው።

"ስሙ ምን ማለት ነው?"

"የአምላክ ስም ነው" አለኝ።

ለዛሬ ይበቃኛል።


መስከረም 19፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ቦከንሃይም ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ከሁለት ምንጭ ያልተረጋገጠ ነገር አላትምም ነበር። እዚህ ግን ሁለተኛው ምንጭ የመጀመሪያውን ይሽራል፤ ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱም ልክ ናቸው ይላል።

በህንዶቹ ዘንድ የከበሩት የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ስድስት ናቸው። ስድስቱም "አስቲካ" ይባላሉ፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ "አማኝ" ለማለት ይቀርባል። ነገር ግን የሚለኩት በአምላክ አይደለም። ከጥንት በቃል የወረደውን ቅዱስ ቃል የተቀበለ አማኝ ነው፤ ያልተቀበለ ከሃዲ ነው። ስለ ፈጣሪ የሚያስበው ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ይህን ሳነብ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የየራሱ ነው። ሳንክያ የሚባለው ነፍስና ግዑዝ ተፈጥሮ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ዓለም ከእነሱ ይገለጣል፤ ሦስተኛ አያስፈልግም ይላል። የዚሁ ትምህርት ቤት ኋለኞች አምላክ "አልተረጋገጠም" አሉ። ተርጓሚዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በዚህ ቃል ነው፤ አንዱ መካድ ነው ይላል፣ ሌላው አልተረጋገጠም ማለት የለም ማለት አይደለም ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ "ባለሥልጣኑ አልሞቱም" ብሎ ያመጣ ሪፖርተር ነበር። "መሞታቸው አልተረጋገጠም ነው የሚባለው" ብዬ መለስኩበት። በማግሥቱ ሞታቸው ተነገረ።

ዮጋ የሳንክያ ወንድም ነው፤ እሱ ግን አምላክ አለው። ምንም ነገር የማይነካው ልዩ ነፍስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራን መምህር ነው፤ ዓለምን ግን አልሠራም። ንያያ የክርክር አዋቂዎቹ ናቸው፤ ማሰሮ ካለ ሸክላ ሠሪ አለ፣ ዓለምም እንደዚያው ሠሪ አለው ብለው አምላክን በማስረጃ ያቆማሉ። ቫይሼሺካ መጀመሪያ ስለ አምላክ ዝም ያለ ይመስላል፤ ኋላ ከንያያ ጋር ገጠመ። ቬዳንታ ለራሱ ስንት ቦታ ተከፍሏል፤ ዛሬ አልነካውም።

የአቶ ናራያን ሚማንሳስ? ቅዱሱ ቃል ዘላለማዊ ነው፤ ማንም አልተናገረውም፤ ሥርዓቱ በትክክል ከተፈጸመ በራሱ ፍሬ ያፈራል፤ ፈጣሪ አላስፈለገም። ከኋለኞቻቸው አንዳንዶቹ ግን ይህንኑ የሚያስተምር ጽሑፍ ሲጀምሩ መጀመሪያ ለአምላክ ሰላምታ ይሰጣሉ።

ርእስ ላወጣለት ሞከርኩ። "አለ" የሚለው ውሸት ነው። "የለም" የሚለውም ውሸት ነው። ርእስ የማይወጣለት ጽሑፍ ገጥሞኝ አያውቅም።

ለጋሼ በአንድ ገጽ አጠናቀርኩለት። በስልክ አነብለታለሁ፤ የዘንድሮ ፊደል አንሶበታል።


መስከረም 21፣ ማክሰኞ

አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማኝ።

"ስለዚህ የለም ይላሉ።"

"አላስፈለገም ነው የሚሉት።"

"ለእኔ ልዩነት የለውም።"

"ለእኔ አለው።"

"ጋዜጠኛ" አለና ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ "ለታኅሣሡ የዓይን ሐኪም ቴርሚኔ ፀሎት ትኖራለች?" አለኝ። ጠይቂያት አልኩት፤ "ጠይቃት" ማለቴ ነበር። አንደበቴም እየደከመ ነው።


መስከረም 24፣ ዓርብ

ጋሼ ዛሬ ዓይኑን መርፌ ተወጋ። በየወሩ ነው። ፀሎት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወሰደችው፤ ሐኪሙ በጀርመንኛ ያለውን በአማርኛ ትነግረዋለች። ጋሼ ከእሷ እኩል ጀርመንኛ ይሰማል። ግን ትነግረዋለች፤ እሱም "እንዴ፣ እንደዚያ አለ?" ይላታል።


ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከፀሎት ጋር ተጣላን።

"ማማ፣ ዛግ አይንፋህ ያ" አለችኝ። ዝም ብለሽ አዎ በይው ማለቷ ነው። "አስቲካ ማለት አማኝ ነው አላልሽም? እንደዚያ በይውና ይለቅ። ውሸት አይደለም።"

"ሰሚው ሌላ ነገር እንዲረዳ ተብሎ የሚነገር እውነት ነው።"

"ጋሽ ኃይሌ አንባቢሽ አይደለም። አጎቴ ነው።"

"ለዚህ ነው የማልዋሸው።"

ጃኬቷን ለበሰች። በሩ ላይ ቆማ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "አንቺም እንድሄድ አትፈልጊም" አለችኝ።

ሃምቡርግ እኮ ሩቅ አይደለም አልኳት።

"ሩቅ ነው አላልኩም" አለች።

ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ስለተባለ ጻፍኩት። ወሰን የሌለው ጥንቃቄ ነው የያዝኩት ብላ ታስብ ይሆናል። ጥንቃቄ ሥራዬ ነበር። አንድ ገጹን እንደገና አየሁት፤ የሚቀየር ነገር አላገኘሁበትም። ሳላነብለት ትንሽ ይዤው ብቆይ ምን ነበረበት?


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አቶ ናራያን ከህንድ ገቡ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሹራባቸው ላይ ሹራብ ደርበዋል። ያረፉት ግሪስሃይም፣ ቪናይ የተከራየበት ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አቶ ሓጎስ ይኖራሉ፤ የአስመራ ሰው፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ ሳክሰንሃውሰን አንድ የፖም ወይን ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ። የጋሼም ወዳጅ ናቸው። ቪናይ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱለት ለምኗቸዋል።

"ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ይኸው ጉድ" አሉኝ። "አስመራ ተወልጄ፣ ለፈረንጅ የአሳማ እግር ስቀቅል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ለህንድ ሚስት ልጠይቅ?"

"አይችሉም እንዴ?"

"ይቻላል። ሌላ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ሽማግሌ አባትየው ራሳቸው ይሆናሉ። ደንቡ አይደለም፤ ግን አገሩም አገራችን አይደለም።"

አቶ ናራያን አጠገባችን ቆመው ምን እንደተባለ በእንግሊዝኛ ጠየቁ። አቶ ሓጎስ ነገሯቸው። "ደንቡ ስንት ሽማግሌ ይላል?" አሉ። ሦስት ሲባሉ በጣም አዘኑ።


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጡ። ጋሼ አዲሱን ከረባቱን አድርጎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። አቶ ሓጎስና አቶ ናራያን በሩ አጠገብ ቆሙ። ተቀመጡ ብል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ሓጎስ፤ እንደ ደንቡ። አቶ ናራያን ምክንያቱን ሳይጠይቁ እኩል ቆሙ፤ እግራቸውን እንኳ አላነሡም አልጣሉም።

አቶ ሓጎስ ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ጋሼ አዳመጠና ወደ አቶ ናራያን ዞረ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬ ማታ ያልረሳሁትን እጽፋለሁ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ። በእግዚአብሔር ያምናሉ?"

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ዓለምን የሠራ አንድ ፈጣሪ ማለትዎ ከሆነ፣ የእኛ ትምህርት ቤት እንደዚያ አይልም" አሉ አቶ ናራያን።

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ማንን ነው የሚለምኑት?"

"አልለምንም። የሚገባውን አደርጋለሁ።"

"ለማን?"

"መደረግ ስላለበት።"

ጋሼ ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያ "ሰምተናል። ተመካክረን እንነግራችኋለን። ለሳምንት እሑድ ተመለሱ" አለ። ምንም ሳይቀምሱ ወጡ። የአቶ ናራያን ብርጭቆ ሞልቶ ቀረ።


ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

አቶ ናራያን ሻንጣቸውን እያሸጉ ነው። ቪናይ ከሥራ ቦታው ደውሎ ነገረኝ፤ ድምፁ የለም። "በጨዋ ደንብ እምቢ ብለውናል። ሳናሳፍራቸው እንሂድ" ብለውታል።

የማን ጥፋት ነው? የእኔ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን "እሺ" ተብሎ እንደማይሸኝ ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ልጅቷ ጠያቂ ያጣች እንዳይመስል "ተመካክረን እንነግራችኋለን" ይባላል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። አንባቢ የማያውቀውን ቃል ሳያብራሩ ማተም ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ደንብ፣ ምን ያህሉ የጋሼ እምቢታ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ለቪናይ አልነገርኩትም።

በኤስ-ባን ባቡር ግሪስሃይም ሄድኩ። አቶ ሓጎስ ቀድመውኝ እዚያ ናቸው፤ በሻንጣው ላይ ተቀምጠዋል። "ተነሥ ቢሉኝ አልነሣም" አሉኝ። ወደ አቶ ናራያን ዞረው "ወዳጄ፣ ገና አንድ ጊዜ ነው የሄድነው። የእኔን ሚስት የሰጡኝ በሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ውሻ ለቀውብናል" አሉ።

"ይህ ሥርዓት ነው?" አሉ አቶ ናራያን።

"ውሻው አይደለም። ሌላው ሥርዓት ነው።"

"ሥርዓት ከሆነ በቅደም ተከተሉ መፈጸም አለበት" አሉና ልብሳቸውን እያጠፉ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሱ። በእኔ ላይ አንድ ቅሬታ አሳዩኝ፤ "ቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ ነበር" አሉ። ይገባ ነበር።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጋሼ በጠዋት ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"የማሰሮውን ነገር ድገሚልኝ።"

"የትኛውን ማሰሮ?"

"ህንዶቹ ለአምላክ ማስረጃ አመጡ ያልሽውን። ሸክላ ሠሪውን።"

አነበብኩለት። እንደገና አስነበበኝ። "እነዚህ ንያያ የምትያቸው ከሚማንሳ ጋር ይጣላሉ?" አለ። አንድ ሺህ ዓመት ተከራክረዋል አልኩት።

"በል እንግዲህ" አለ። ለእኔ አይደለም፤ ለራሱ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ሳለን ለተማሪ ስብሰባ ሲዘጋጅ እንዲህ ነበር የሚለው። ያን ጊዜ አምላክ የለም ብሎ ነበር የሚከራከረው፤ ይህን የፍራንክፈርት ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አይሸሽገውም። ድምፁን እንዲህ ከሰማሁት ቆይቷል።


ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቸኩዬ እንዳልጽፈው ሁሉም እስኪሄዱ ጠበቅኩ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ። ጋሼ "ዛሬ ተቀመጡ" አለ። አቶ ናራያን አቶ ሓጎስን አዩ፤ አቶ ሓጎስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩ። የጋሼን ብርጭቆ ከፊቱ አስቀመጥኩለት፤ እጁ አለፈው። አቶ ናራያን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ብርጭቆውን ገፋ አድርገው እጁ ሥር አደረሱለት። ጋሼ ያዘው።

"ማሰሮ ካለ ሸክላ ሠሪ አለ" ብሎ ጀመረ ጋሼ።

አቶ ናራያን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ሁሉ በራ። "ይህ የባላጋራዎቻችን ነው። ከየት አመጡት?"

"ምንጭ አለኝ" አለ ጋሼ። ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ መስኮቱ አየሁ።

"ጥሩ። ሸክላ ሠሪ እጅ አለው፤ የእርስዎ ሠሪ እጅ አለው?"

"እጅ አያስፈልገውም።"

"እንግዲያው እንደ ሸክላ ሠሪው አይደለም፤ ማሰሮውን ለምን አመጡብኝ? ጭቃውስ ቀድሞ ነበር?"

"ጭቃውንም እሱ ነው የሠራው።"

"ጭቃ የሚሠራ ሸክላ ሠሪ አይተው ያውቃሉ?"

አቶ ሓጎስ "እኔ የማውቀው የአሳማ እግር ነው፤ አትዩኝ" አሉ። ፀሎትና ቪናይ ወጥ ቤት ሆነው በበሩ ስንጥቅ ያያሉ። ፀሎት አፏን በፎጣ ይዛለች።

ጋሼ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ዓለም ክፍሎች አሉት፣ ክፍል ያለው ሁሉ የተገጣጠመ ነው፣ የተገጣጠመ ገጣሚ አለው አለ። ይህን እኔ አላነበብኩለትም፤ ከራሱ ነው። አቶ ናራያን ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩለትና "ከጎረቤታችን ከሳንክያ ልበደር" አሉ። "ፈጣሪው ሲፈጥር የጎደለው ነገር ነበር? ከጎደለው ፍጹም አይደለም። ካልጎደለው ለምን ፈጠረ? ለርኅራኄ ነው ካሉኝ፣ ከመፍጠሩ በፊት የሚራራለት ማን ነበር?"

የጋሼ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። ዓይኑን በመሐረብ እያበሰ "ይህን እኔ ተናግሬዋለሁ። ቃል በቃል። እዚሁ ቦከንሃይም፣ የተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ። ቆመው አጨበጨቡልኝ። የራሴ ግኝት ነበር የመሰለኝ" አለ።

"ያን ጊዜ ማን መለሰልዎ?"

"ማንም። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። አንድ ዘመን ሲደክመኝ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ቅዳሴው ቦታው ላይ ነበር።"

"እኔ ሲደክመኝ ውሃውን በመዳፌ እይዛለሁ" አሉ አቶ ናራያን። "እሱም ቦታው ላይ ነው።"

ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቀየርኩ፤ እንደገና ቀዘቀዘ። ከመስኮቱ ውጭ መብራት ሲበራ ገና ዮጋ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ አቶ ሓጎስ "የመጣነው ለሴት ልጅ ነው ወይስ ለማሰሮ?" ባይሉ ኖሮ አያበቁም ነበር።

ጋሼ ተነሣ። "እኔ አምላክን ስክድ እንዴት እንደነበርኩ አውቃለሁ። ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ እተኛ ነበር። እኚህ ሰው ከሃዲ አይደሉም። ምን እንደሆኑ ገና አላወቅኩም፤ ጊዜ ያስፈልገኛል። ልጅቷን ሰጥተናል።"

አቶ ሓጎስ እልል አሉ። ወንድ እልል ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ፀሎት ከወጥ ቤት ወጥታ የጋሼ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ "ምርቃቱን አታስቸኩሉኝ። ስለ እሱ ያን ጊዜ እናያለን" አለ።

"ምን የሚታይ ነገር አለ?" አልኩት ስሸኘው።

"ቅዳሜ ከሃምቡርግ የመጨረሻው ባቡር መቼ ነው የሚገባው?" አለኝ።


ኅዳር 4፣ ረቡዕ

አቶ ናራያን "ምርቃቱ ገና ይቀራል" መባሉን ሰምተው እረፍት አጡ። ምን ይባላል? ስንት ክፍል አለው? ሰሚው ምን ይላል? አቶ ሓጎስ ያስተምሯቸዋል። የጋሼ ምርቃት ለልደትም፣ ለመንጃ ፈቃድም፣ አገር ለሚለቅም ያው አንድ ነው፤ አቶ ሓጎስ በእንቅልፋቸው ይወጡታል።

ዛሬ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። ልጻፍልዎ ብላቸው አልተቀበሉም፤ በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው። አቶ ሓጎስ ይላሉ፣ አቶ ናራያን ይደግማሉ፤

"ከክፉ ይጠብቃችሁ።"

"ጎጆአችሁ ይሙቅ።"

"የተባረከ ልጅ ይስጣችሁ።"

"አብሮ ያስረጃችሁ።"

"በሄዳችሁበት ይቅናችሁ።"

ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት። ከዚያ አንዱን ዘልለው። ከየመስመሩ በኋላ አሜን። አቶ ሓጎስ ላብ አጥምቋቸዋል፤ "ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ሰውዬው ፈጣሪ የለም ይላሉ፣ አሜን ግን አንድ አያስቀሩም" አሉኝ።

ትርጉሙን ጠይቀው አንድ በአንድ ተረድተዋል። አምስተኛው ላይ ቆዩ። "ይህ ለሚሄዱ ነው" አሉ። አዎ አልኳቸው። እኔን ትንሽ አዩኝና ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።


ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አዳራሹ ተገኘ፤ አቶ ሓጎስ የሠሩበት ቤት፣ የጓሮው ክፍል። ወንበር አነሰ። የፀሎት ጫማ ጠበበ። ጋሼ ስልክ አያነሣም።


ኅዳር 13፣ ዓርብ

ፈረሙ። አፈራራሚዋ ሴትዮ ስማቸውን በትክክል ጠራች። ጋሼ በአባት ቦታ ተቀመጠ፤ ቃሉን ጠበቀ። ስለ ነገው አልጠየቅኩትም።


ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾም ገባ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የትናንቱን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሳክሰንሃውሰን፣ የጓሮው ክፍል፣ ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች። ነገ ጾም ነውና ሰው ሁሉ ሥጋውን ይበላል። አቶ ናራያን ብቻ ሽሮና ጎመን ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሼ ሳህናቸውን አጎንብሶ አየና "ሁላችንም አማኞች ሥጋ ስንበላ የሚጾሙት እኚህ ፈላስፋ ብቻ ናቸው" አለ። ለአቶ ናራያን ተተረጎመላቸው፤ "ነገ ከእናንተ ጋር እጾማለሁ፤ ለእኔ ልዩነት የለውም" አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

የምርቃት ሰዓት ደረሰ። ፀሎትና ቪናይ ጋሼ ፊት ተንበረከኩ። ጋሼ ቆመ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ። ይመርቅ አይመርቅ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅኩም።

"ከክፉ ይጠብቃችሁ።"

አሜን አለ አዳራሹ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የአቶ ናራያን ነው። የፀሎት ትከሻ ሲወርድ አየሁ።

"ጎጆአችሁ ይሙቅ። የተባረከ ልጅ ይስጣችሁ። አብሮ ያስረጃችሁ።"

አሜን። አሜን። አሜን።

ጋሼ እጁን ሰበሰበ፤ ወደ ወንበሩ ዞረ። እልልታው ሊጀምር ነው። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል።

"አንድ ቀርቷል" አሉ አቶ ናራያን፤ በአማርኛ።

ሴቶቹ አፋቸውን ገጠሙ። ጋሼ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ።

አቶ ናራያን ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። ድምፃቸው የመምህር ነው፤ ቁጣ የለበትም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። አምስት ናቸው፤ አራት ተብሏል። ያልተሟላ ከሆነ እንዳልተባለ ነው። ልጆቹ ሙሉውን ይዘው መሄድ አለባቸው።"

አቶ ሓጎስ ጠረጴዛውን ያያሉ። ፀሎት ቀና ብላ አጎቷን አየችው። ጋሼ ዞረ፤ በደንብ እንደማያያት አውቃለሁ፤ ፊቷ ያለበትን ግን አልሳተም። አንድ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። ሌላውን የቪናይ ላይ።

"በሄዳችሁበት" አለ። ቆመ። "በሄዳችሁበት ይቅናችሁ።"

አሜን አለ አዳራሹ፤ ብርጭቆዎቹ ጮኹ። ጋሼ ይስቃል፣ ፊቱ ርጥብ ነው፣ "ሰውዬ፣ አንተ ነህ ቄሱ" ይላል በአማርኛ፤ አቶ ናራያን ምንም አልገባቸውም። ፀሎት ጋሼ ደረት ውስጥ ተሸሽጋ "ለታኅሣሡ ቴርሚን እመጣለሁ" ስትል ሰማሁ። "አትምጪ፤ እናትሽ ትወስደኛለች፤ ጀርመንኛዋ እንደኔ ነው" አላት። አልተማከርንም። እወስደዋለሁ።

አቶ ናራያን ግን ገና አልተቀመጡም። በጫጫታው መካከል ቆመው ወደ እኔ ይመለከታሉ፤ በትዕግሥት፣ ተማሪ መልሱን እስኪሰጥ እንደሚጠብቅ መምህር። መጀመሪያ ምን እንደፈለጉ አልገባኝም። ኋላ ገባኝ። አራቱን አሜን ብያለሁ። አምስተኛውን ሲቆጥሩ የእኔ አፍ አልተንቀሳቀሰም።

"አሜን" አልኩ።

ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ሽሯቸውን መብላት ቀጠሉ።